የድመት ጆሮ ሲጠቁር፦ እከኩን ከቁስሉ፣ መድኃኒቱን ከመርዙ መለየት

በደሴ የእህል መጋዘኖችና በኮምቦልቻ ወፍጮ ቤቶች ድመት የምትኖረው ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው፤ አይጥ እስከያዘች ድረስ ስለ ጤንነቷ ብዙ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ አንድ ቀን ራሷን ደጋግማ ስታራግፍ፣ በኋላ እግሯም ጆሮዋን እስኪደማ ስትፎክት ትታያለች። ጆሮዋ ተገልጦ ሲታይ ከጀበና ሥር የሚቀር አተላ የመሰለ፣ ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነገር ሞልቶታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምክር ብዙ ነው፤ አንዱ ዘይት፣ ሌላው ነጭ ጋዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለበጎቹ ገዝቶ ያስተረፈውን መድኃኒት ያቀርባል።

የጆሮ እከክ በራሱ ድመትን እምብዛም አይገድልም። እርሱን ለማጥፋት በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ግን በአንድ ሌሊት ሊገድላት ይችላል። በሽታው ቀላልና በደንብ የሚድን ሆኖ ሳለ አደጋው ከሕክምናው በኩል የሚመጣ መሆኑ ነው ነገሩን ማብራሪያ የሚሻ የሚያደርገው።

ጆሮዋ ውስጥ የሚኖረው ምንድን ነው?

የጆሮ እከክ የሚባለውን ሕመም የሚያመጣው ኦቶዴክተስ ሳይኖቲስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቅ ጥቃቅን ተባይ ነው። ተባዩ ከቁንጫና ከቅማል ወገን አይደለም፤ ዘመዶቹ መዥገርና ሸረሪት ናቸው፤ ካደገ በኋላም እንደ እነርሱ ስምንት እግር አለው። ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ዓይኑ የሰላ ሰው እንኳ ቢያየው የምትንቀሳቀስ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆና ትታየዋለች። የሰውን እከክ የሚያመጣው ተባይ ቆዳን ሰርስሮ ሲገባ ይህኛው ግን የሚኖረው በቆዳው ላይ ነው። ምግቡም የቆዳ ብናኝ፣ ኩክ እና ከተቆጣው ቆዳ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። አተላ የሚመስለው ጥቁር ነገር እንግዲህ ኩክ፣ የደረቀ ደምና የተባዩ ዓይነ ምድር ተቀላቅለው የፈጠሩት ነው።

ተባዩ እንቁላሉን ከጆሮው ቆዳ ጋር አጣብቆ ይጥላል። እንቁላሉ በ4 ቀን አካባቢ ይፈለፈላል፤ ከዚያም የተፈለፈለው ተባይ ደረጃ በደረጃ አድጎ ራሱ እንቁላል ለመጣል የሚበቃው በ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። ይህችን የ3 ሳምንት ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሕክምና የሚከሽፈው እርሷ ሳትሞላ ስለሚቋረጥ ነው።

የማሳከኩ መጠን ከተባዩ ብዛት ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም። የአንዳንዷ ድመት ሰውነት በጥቂት ተባዮች ብቻ ተቆጥቶ ዕረፍት ሲነሣት፣ ሌላዋ ጆሮዋ ሞልቶ ምንም ሳይመስላት ልትኖር ትችላለች። ችግሩ ያለው ከዚህች ሁለተኛዋ ላይ ነው፤ ጤነኛ መስላ ሌሎቹን ሁሉ ታዳርሳለች። ተባዩ በዋናነት የሚተላለፈው በንክኪ ስለሆነ ግልገሎች ከእናታቸው ጡት ጋር ይቀበሉታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ውሾችም ይይዛቸዋል። ከአካል ውጭ ለተወሰኑ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ስፍራ ደግሞ ከሞቃትና ደረቅ ስፍራ ይልቅ ዕድሜውን ያራዝምለታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ ድመቷ የተኛችበትን ጨርቅ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ዝቅ ብላ ከምትገኘውና ከምትሞቀው ከኮምቦልቻ ይልቅ የበለጠ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቁር ኩክ የያዘ ጆሮ ሁሉ እከክ አለበት ማለት ነው?

አይደለም። እከክ በድመቶች ዘንድ ከሚያጋጥመው የውጭ ጆሮ መቆጣት ቀዳሚው ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ የምግብ ወይም የሌላ ነገር አለርጂ፣ ጆሮ ውስጥ የገባ የሣር ዘለላ፣ በወጣት ድመቶች ላይ ከመሐል ጆሮ ተነሥቶ የሚያድግ ሥጋ፣ ሁሉም ድመቷን ራሷን ያስነቀንቋታል።

ባክቴሪያውና ፈንገሱ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ቀድመው የሚመጡ ጠላቶች አይደሉም። ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ በጤነኛ ጆሮ ውስጥም በጥቂቱ ይኖራል። ነገር ግን እርሾ በቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አርፎ ሲቀመጥ ሙቀትና እርጥበት ባገኘ ጊዜ ሊጡን ኩፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ተባዩ ያቆሰለውና ያረጠበው ጆሮም ፈንገሱንና ባክቴሪያውን ያራባቸዋል። በዚህ ጊዜ አንዲት ድመት ሁለት በሽታ አለባት ማለት ነው፤ እከኩ ቢጠፋም ቁስሉ ይቀራል፣ ቁስሉ ቢታከምም እከኩ መልሶ ያቆስላል።

በዓይን ሲታይ የእከክ ኩክ ጥቁርና ደረቅ፣ እንደ ቡና አተላ ፍርፍር ያለ ይሆናል፤ የባክቴሪያ ቁስል ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግልና መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ የፈንገሱ ደግሞ ቡናማና ቅባታማ ነው። ይህ ልዩነት ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ ለመወሰን አይበቃም። ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ከጆሮው ደጅ የተጠረገውን ኩክ በጥቁር ፌስታል ላይ አድርጎ በጠንካራ ብርሃን ሥር በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ነው። ነጫጭ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ተባዩ አለ። ካልታዩ ግን የለም ብሎ መደምደም አይቻልም።

የእንስሳት ሐኪሙ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ከኩኩ ጥቂት ወስዶ በዘይት ጠብታ ለውሶ በማይክሮስኮፕ ተባዩንና እንቁላሉን ይፈልጋል፤ ሌላ ናሙና አቅልሞ ደግሞ ባክቴሪያውንና ፈንገሱን ይለያል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታዎች ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ደሴም በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባቸው ከተሞች ስለሆኑ ማይክሮስኮፕ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ድመትን ይዞ መሄድ ነው።

ጆሮዋን በእንጨት ጠርጎ ማውጣት ለምን አይመከርም?

የድመት ጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ አይደለም። ከላይ ቁልቁል ወርዶ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ኤልቦ የሚሉት መገጣጠሚያ ላይ እንዳለው እጥፋት ወደ ጭንቅላቷ ውስጥ ይታጠፋል። በእጥፋቱ ማዶ ታምቡሩ አለ፤ ከታምቡሩ ኋላ ደግሞ የመስማትና ሚዛን የመጠበቅ ክፍሎች አሉ። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው እንጨት ቁልቁል ሲገባ ኩኩን ጠርጎ ከማውጣት ይልቅ ወደ እጥፋቱ ይጠቀጥቀዋል፤ ድመቷ በድንገት ብትፈራገጥም ታምቡሩን ሊበሳው ይችላል።

ታምቡሩ የተበሳ እንደሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለጤነኛ ጆሮ የማያሰጋ ጠብታ በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገባ ድመቷን ሊያደነቁራት ወይም ሚዛኗን ሊያሳጣት ይችላል። በየመድኃኒት ቤቱ ለሰው ዓይንና ጆሮ የሚሸጠው ጀንታማይሲን፣ ለቁስል ማጠቢያ የሚውለው ክሎርሄክሲዲን፣ አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሁሉም በዚህ ረገድ ያሰጋሉ። ሐኪም በመጀመሪያ በኦቶስኮፕ፣ ማለትም መብራትና ማጉያ ባለው የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ፣ ጆሮውን አጎንብሶ የሚያየው ይህን ለማወቅ ነው። ታምቡሩ ደህና መሆኑ ሳይታይ ጆሮ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ ዕድል እንደ መሞከር ነው።

ለበግ የተገዛው መድኃኒት ለድመትስ አይሆንም?

በብዛት የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መነሻውም ምክንያታዊ ነው። አይቨርሜክቲን የበግንና የከብትን እከክ ያጠፋል፤ የድመትንም የጆሮ ተባይ ይገድላል። ሐኪሞችም ለዚሁ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ አከራካሪው መድኃኒቱ ሳይሆን መጠኑ ነው።

በእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች የሚገኘው የተለመደው አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ነው፤ ይህም በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። የከብት መጠኑ ለ50 ኪሎ ግራም 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ሒሳብ ብቻ ቢሄድ 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት የሚደርሰው 0.06 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ኪሎ ለሆነች ግልገል ደግሞ 0.01 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አሁን በብዙ ቤት የሚገኘውን የ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እንመልከት። ትንሿ መስመሩ 0.2 ሚሊ ሊትር ናት። በጥንቃቄ አንዲት መስመር ብቻ የሳበ ሰው ለትልቋ ድመት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ለግልገሏ 20 እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ይህ ስሌት መጠን ማዘዣ ሳይሆን ስሪንጁ ለዚህ ሥራ አለመሠራቱን ማሳያ ነው።

የግልገሎች ነገር ከዚህም ይከፋል። አይቨርሜክቲን የተባዩን ነርቭ ሲያሽመደምድ የእንስሳዋን የማይነካው ወደ አንጎል እንዳያልፍ የሚከለክል ግርዶሽ ስላለ ነው፤ በግልገል ድመት ይህ ግርዶሽ ገና አልጠነከረም። መጠኑ የበዛባት ድመት የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ማየት ሊሳናት ይችላል፣ ብሎም ራሷን ትስታለች። ማርከሻ የለውም፤ የሚቻለው ሰውነቷ መድኃኒቱን እስኪያወጣ ድረስ መንከባከብ ብቻ ነው። መርፌውን ለመወጋት ከማዋል ይልቅ ጆሮዋ ውስጥ ማንጠብጠብ ይሻላል የሚል አሳብም አለ፤ ነገር ግን የመርፌ መድኃኒት የሚሟሟበት ፈሳሽ ለቆሰለ ቆዳ የተዘጋጀ አይደለም።

ከአይቨርሜክቲን የሚብሱም አሉ። በግ የሚነከርበት ወይም የሚረጭበት ዳያዚኖን፣ ለመዥገር የሚረጨው አሚትራዝ፣ ለእህል ነቀዝ የሚውለው ማላታይን ድመት ላይ ሊደረጉ አይገባም። ለውሻ ቁንጫ ተብሎ የሚሸጠውና ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታ ደግሞ ለውሻ ምንም ሳይል ድመትን እያንቀጠቀጠ ይገድላል።

አንድ መድኃኒት ውሻን ሳይነካ ድመትን የሚገድልበት ምክንያት በጉበቷ ውስጥ ነው። የብዙ እንስሳት ጉበት ፐርሜትሪንንም ሆነ ሌሎች ኬሚካሎችን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ ለማስወገድ የሚጠቀምበት መንገድ አለው፤ በድመት ጉበት ግን ይህ መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶ ቢቆም ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚከማች፣ በድመት ደም ውስጥም መርዙ ሳይወጣ ይከማቻል። ለሕመሟ ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጥ ፓራሲታሞል ድመትን የሚገድለውም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ግማሽ ፍሬ እንኳ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሰጧትም።

ዘይት፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ጋዝስ?

ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ዘይት መሠረት የሌለው ምክር አይደለም፤ የደረቀውን ኩክ ያለሰልሳል፣ የተወሰኑ ተባዮችንም አፍኖ ይገድላል። ሆኖም እንቁላሉን አያጠፋም፣ ከጆሮ ውጭ ያሉትንም አይደርስባቸውም፤ በእርሱ ብቻ ለመዳን በየጥቂት ቀኑ ከ3 ሳምንት በላይ መደጋገም ይጠይቃል። ታምቡሩ ከተበሳ ወይም ጆሮው መግል ከያዘ ደግሞ ዘይቱ ቁስሉን ከማባባስ በቀር አይጠቅምም።

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጠው ሲጨመሩ የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላሉ። በተለይ ነጭ ሽንኩርት ድመቷ ጆሮዋን በእግሯ ጠርጋ ስትልሰው ወደ ሆዷ ይገባል፤ የሽንኩርት ወገን ሁሉ ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ጋዝና በረኪና ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለቱም ያቃጥላሉ፣ ሲላሱም ይመርዛሉ።

ታዲያ ትክክለኛው ሕክምና ምን ይመስላል?

ሕክምናው ሁለት ተግባራትን ያጣምራል፤ ተባዩን መግደልና ጆሮውን ማዳን። ለመጀመሪያው በአሁኑ ጊዜ በሰፊው የሚመረጡት ሴላሜክቲን፣ ሞክሲዴክቲንና ፍሉራላነር የተባሉት፣ ለድመት ተብለው የተዘጋጁ ጠብታዎች ናቸው። ጠብታው የሚደረገው ጆሮ ውስጥ ሳይሆን ልሳ በማትደርስበት በማጅራቷ ላይ፣ ጸጉሯን ገልጦ ቆዳዋ ላይ ነው፤ ከዚያ በቆዳዋ በኩል ገብቶ ተባዩን ባለበት ያገኘዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ድመት ጅራቷን ወደ ጭንቅላቷ ጠቅልላ ስለምትተኛ ተባዩ በአንገቷና በጅራቷ አካባቢም ይገኛል፤ ጆሮ ውስጥ ብቻ የሚጨመር መድኃኒት እነዚህን ይስታቸዋል። እሽጉ ላይ የተጻፈው የድመት ክብደትና ዕድሜ መነበብ አለበት፤ የውሻውን ከፍሎ ለድመት መስጠት አይቻልም።

እነዚህ ከመሸጫው ከጠፉ ሐኪሙ አይቨርሜክቲንን በትንሽ ስሪንጅ ለክቶ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜም ድመቷ መመዘን አለባት። ድመት የሚመዝን ሚዛን የለም ማለት ምክንያት አይሆንም። በካርቶን አስገብቶ የእህል ሚዛን ላይ ማስቀመጥና የካርቶኑን መቀነስ ነው።

በናሙናው ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ከታየ ለእርሱ የሚሆን ጠብታ ይታዘዛል። እብጠትንና ማሳከክን የሚቀንስ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ብቻውን ከተሰጠ ግን ያታልላል፤ ድመቷ መፎከቷን ትተዋለች፣ ባለቤቱም ዳነች ይላል፣ ተባዩ ግን እንቁላሉን ይጥላል።

ሕክምናው የሚሳካው በቤቱ ያሉ ድመቶችና ውሾች ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ሲታከሙ ነው። የሱቅና የመጋዘን ድመት በባሕርይዋ የብዙ ቤት ድመት ስለሆነች ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ ማከም ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በቤት ውስጥ ማጽዳት የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው?

የሚታየውን ያህል ብቻ። ግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ በእርሱ ነክሮ በጣት ላይ ጠቅልሎ የጆሮውን ደጅ መጥረግ ይበቃል። ድመቷን ከአንገቷ በታች በፎጣ መጠቅለል ለእርሷም ለያዥዋም ዕረፍት ነው። ጆሮዋን ስትነካ የምትጮህ ከሆነ ግን ማቆም ይገባል፤ ያ የእልህ ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው።

ሰውንስ ይይዛል?

ተባዩ ሰው ላይ አይኖርም። አልፎ አልፎ ታቅፎ የሚተኛን ሰው ቆዳ ለጊዜው ሊያሳክክ ይችላል፤ ድመቷ ስትድን ይጠፋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋው ጆሮዋ የታመመ ድመት መንከሷ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ በተለይ ክትባት ያልወሰደች፣ በድንገት ጠባይዋ የተለወጠና የምትንገዳገድ ድመት ስትታይ የጆሮ በሽታ ነው ብሎ ለመያዝ መቸኮል አይገባም። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

መጠበቅ የማይገባው መቼ ነው?

ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረች የምትወድቅ ከሆነ፣ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም የአንዱ ዓይኗ ሽፋን ወርዶ ብሌኑ ከጠበበ ሕመሙ ወደ መሐልና ውስጥ ጆሮ ደርሷል። ከመፎከቷ የተነሣ ውጭ የሚታየው የጆሮዋ ክፍል ደም ቋጥሮ እንደ ትራስ ካበጠ ይህም የሐኪም ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ በመርፌ በስተው ቢያፈሱት መልሶ ይሞላል። ድመት ከአንድ ቀን በላይ ምግብ ካልቀመሰች ደግሞ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።

ለጉዞው አየር እንዲያስገባ የተበሳሳ፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረ ካርቶን ይበቃታል። አስቀድሞ የተሰጣት ነገር ካለ፣ ዘይትም ሆነ የበግ መርፌ፣ ሳይፈሩና ሳያፍሩ መንገርና ብልቃጡን ራሱን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ሁለተኛውን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያውን ማወቅ አለበት።